ታነበንባለች እንጂ አታነብም፦ ንባብ ለከበደው ልጅ የቱን እርዳታ እንምረጥ?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጅቷ 2ኛ ክፍል ናት። የአምናው ካርዷ ላይ አማርኛ 86 ይላል። እናትየው ግን ልቧ አላረፈም። «ታነባለች፤ ግን የሆነ ነገር ልክ አይደለም» አለችኝ።

መጽሐፉን ገለጥን። ልጅቷ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ አንድም ቃል ሳትስት ገጹን ጨረሰችው። ከዚያ ገጹን በወረቀት ሸፈንኩና መሃል ላይ ያለችውን «ላም» የምትል ቃል ብቻ አሳየኋት። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ሰማኋት። ከገጹ መጀመሪያ ተነስታ በሹክሹክታ እየወረደች፣ ላሟ ጋ ለመድረስ እየሞከረች ነበር።

አማርኛችን ለዚህ ቃል አለው። ልጅቷ ታነበንባለች እንጂ አታነብም።

እኔ መምህርት ነኝ። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። ይህ ነገር በራሴ ቤትም ደርሷል። ልጄ 1ኛ ክፍል ሳለ ትምህርት ቤቱ ኮሚኒኬሽን ቡኩ ላይ ኮከብ ይለጥፍለት ነበር። እኔም የሰው ልጅ ሳስነብብ ውዬ፣ ማታ ኮከቡን አይቼ ደብተሩን እዘጋ ነበር። ማንበብ እንደማይችል ያወቅኩት 2ኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ነው። ያ ዓመት ተኩል ዛሬም ይቆጨኛል። ይህን የምጽፈውም እዚያው ቦታ ላይ ለቆማችሁ ወላጆች ነው። አስጠኚ እንቅጠር? ክፍል ይድገም? ቄስ ትምህርት ቤት እንላከው? ወይስ እንጠብቅ? እያላችሁ ለምትጨነቁ።

ብቻችሁን አይደላችሁም። በ2002 ዓ.ም. አገር አቀፍ የንባብ ምዘና ሲደረግ፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚያህሉት ከተሰጣቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ችግሩ የእናንተ ልጅ ስንፍና አይደለም። የእናንተም ጥፋት አይደለም።

መጀመሪያ፦ የት ጋ ነው የተያዘው?

ብዙ ወላጅ እርዳታውን የሚመርጠው ልጁ የት ጋ እንደተያዘ ሳያውቅ ነው። ራሱን ለሚያመው ሰው የሆድ መድኃኒት እንደመግዛት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ግማሽ ሰዓት ስጡ።

ልጆች ሀ ሁ ሂን በዜማ ይጨርሱታል። ዜማው ግን ፊደል መለየታቸውን አያሳይም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ድሮውኑ አውቀውታል። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ያለውም ለዚህ ይመስለኛል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ተራው ሲደበላለቅ ልጁ በዜማ ማምለጥ አይችልም። ፊደሉን አይቶ መለየት ግድ ይለዋል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከ33ቱ ፊደላት ከነእርባታቸው፣ ማለትም ከ231ዱ ውስጥ፣ 20 ያህል መርጣችሁ ተራቸውን አዘበራርቃችሁ ጻፉ። ከዚያ 10 አጫጭር ቃላት። ከዚያ ልጁ አይቶት የማያውቅ አራት መስመር ጽሑፍ። መጨረሻ ላይ ስለ ጽሑፉ ሁለት ጥያቄ።

ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባለው ድርጅት የሚጠቀምበት መለኪያም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ፣ ታሪክ። ልጆቹን የሚመድቡትም በዕድሜያቸው ወይም በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት ደረጃ ነው። የ4ኛ ክፍል ልጅ ፊደል ላይ ከቀረ ከፊደል ይጀምራል።

በእኛ ልጆች ላይ ደጋግሜ የማየው አራት ዓይነት መሰናክል ነው።

አንዳንዱ ፊደል ይምታታበታል። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ። ወይም ሉ እና ሊ፤ ቅጥያዋ ከፍ ማለቷና ዝቅ ማለቷ አይታየውም።

አንዳንዱ ፊደሉን ሁሉ ያውቃል፤ መግጠም ግን ያቅተዋል። «ብ… ር… ቱ… ካ… ን» ብሎ አንድ በአንድ ይጠራል። «ምንድን ነው?» ስትሉት ዝም። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሳድስ፣ ማለትም የፊደሉ ስድስተኛ እርባታ ነው። «ብርቱካን» ውስጥ ብ ድምፅ ይዛ ትወጣለች፤ ር እና ን ግን ያለ አናባቢ ነው የሚጠሩት። ማንም ይህን ለልጁ አልነገረውም። ሁሉንም ሳድስ እኩል እየረገጠ ሲጠራ ቃሉ ይጠፋበታል። የጎረቤቴ ልጅ የተያዘችው እዚህ ጋ ነበር።

ሦስተኛው ያነባል፤ ትርጉሙ ግን ያመልጠዋል። የእኛ ጽሕፈት ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና ገና ነው» ብላችሁ ጻፉለት። አንዱን ገና አላልቶ፣ ሌላውን አጥብቆ «በዓሉ አልደረሰም ማለት ነው» ካላችሁ ልጁ እየገባው ነው የሚያነበው። ሁለቱንም አንድ አድርጎ ካነበበ ዓይኑ እንጂ ልቡ አልደረሰም።

አራተኛው ነገር የንባብ ችግር ላይሆን ይችላል። እኛ ጋ፣ ከሸገር ከተማ ጋር በምንዋሰንበት ዳር ዳር፣ ብዙ ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ወላይትኛ ያወራል። ትምህርት ቤት ሲገባ አማርኛ ይጠብቀዋል። እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል አለ። በዚያ ላይ ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እንዲህ ያለ ልጅ «ጓዳ» የሚለውን ቃል አስተካክሎ አንብቦ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። እሱ የሚፈልገው ወሬ፣ ተረትና ጨዋታ በአማርኛ ነው። ፊደል ደጋግማችሁ ብታስቆጥሩት ትደክማላችሁ እንጂ አትረዱትም።

አማራጮቹ ሲመዘኑ

«ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ምንም ወጪ ስለሌለው ሰው ሁሉ ይመርጠዋል። ኮኒ ጁል የምትባል ተመራማሪ በቴክሳስ፣ ኦስቲን 54 ልጆችን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ተከታትላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት፣ 1ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ በንባብ ደካማ የነበረ ልጅ 4ኛ ክፍልም ደካማ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ 0.88 ነበር። ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ማለት ነው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ማንበብ የቻለ ልጅ ብዙ ያነባል፤ ብዙ ሲያነብ ቃል ያውቃል፤ ቃል ሲያውቅ ይበልጥ ያነባል። ያልቻለው ይሸሻል። ኪት ስታኖቪች የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ለዚህ ነገር ከማቴዎስ ወንጌል ስም ሰጥቶታል። ላለው ይጨመርለታል የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ክፍል ማስደገም። ወላጅም መምህርም ቶሎ የሚያስበው ይህን ነው። እኔ አልመክርም። ልጁ የሚደግመው ያንኑ መጽሐፍ፣ በዚያው አሰጣጥ፣ ጓደኞቹ ጥለውት ሄደው ነው። መግጠም ያቃተው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቢደግም መግጠምን የሚያሳየው ከሌለ ያው ነው። ለየት የሚለው በሕመም ወይም ሰፈር በመቀየር ግማሽ ዓመት ያመለጠው ልጅ ነው። ከመሃል ከተማ ተነስተው ወደ ዳር ከመጡት ቤተሰቦች እንዲህ ያሉ ልጆች ገጥመውኛል። እነሱ ትምህርቱን አላገኙትም እንጂ አላቃታቸውም።

የቤት አስጠኚ። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። እያንዳንዱ ብሎክ በር ላይ «አስጠኚ አለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አብዛኞቹ ልበ ቀና ወጣቶች ናቸው። ችግሩ ሥራቸው የቤት ሥራ ማስጨረስ ሆኖ መቅረቱ ነው። ወላጅ ከመገናኛ ወይም ከሜክሲኮ በሰልፍና በታክሲ ተጉዞ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ሲገባ ደብተሩ ተሠርቶ ያገኘዋል፤ ደስ ይለዋል። የሠራው ግን ማን ነው?

አስጠኚ ስትቀጥሩ ሦስት ነገር ጠይቁ። «ልጄ የት ጋ ነው የተያዘው?» በሉት፤ በሳምንት ውስጥ ልጁን አስነብቦ መመለስ አለበት። «ከሰዓቱ ውስጥ ስንት ደቂቃ ልጁ ራሱ ድምፁን አውጥቶ ያነባል?» በሉት። «በየሳምንቱ ምን ታሳየኛለህ?» በሉት። ደግሞ ሰዓቱን በታትኑት። ቅዳሜና እሁድ ሁለት ሁለት ሰዓት ከሚያስቀምጠው፣ ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢመጣ ይሻላል። የ7 ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት አይቀመጥም። ቢቀመጥም ጆሮው አይቀመጥም።

የትምህርት ቤቱ ማጠናከሪያ። ይህ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ግን በአንድ ስም ይጠራዋል። አንደኛው ክፍሉ በሙሉ ቅዳሜ መጥቶ ያንኑ ትምህርት እንደገና የሚማርበት ነው። ንባብ ለከበደው ልጅ ብዙም አይጠቅመውም። 50 ልጅ መሃል ተቀምጦ ዜማውን ይከተላል፤ ማነብነቡ ይጠነክራል። ሁለተኛው መምህሩ እዚያው ችግር ላይ ያሉ አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ልጆች ለይቶ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ነው። ይህን የሚያደርግ ትምህርት ቤት ካገኛችሁ ከማንኛውም አስጠኚ በፊት እሱን ያዙ። መምህሩ ልጁን ክፍል ውስጥም ያየዋል፤ ክፍያም የለውም።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን በሦስት ደረጃ ይሠሩታል። በመጀመሪያው ደረጃ ሁሉም ልጅ ጥሩ የክፍል ትምህርት ያገኛል፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜም በአጭር ፈተና ይታያል። ወደ ኋላ የቀሩት በሁለተኛው ደረጃ አነስተኛ ቡድን ውስጥ ይገባሉ፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይለካሉ። እሱም ካልሠራ በሦስተኛው ደረጃ ጠበቅ ያለና አንድ ለአንድ የሚቀርብ እርዳታ ይከተላል። በ2 ፈረቃ የሚያስተምር የእኛ ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ እንዳለ ሊያደርግ አይችልም። አንዱን ነገር ግን ይችላል። ከከሰዓት ፈረቃ ልጆች መካከል አምስቱ 40 ደቂቃ ቀድመው ቢመጡ ቡድን ተፈጠረ ማለት ነው። እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት የምንሠራው እንዲህ ነው። ቦታ ስላጣን ዛፍ ሥር እንቀመጣለን።

ቄስ ትምህርት ቤት። በክረምት ለሁለት ወር ልጃቸውን የሚልኩ ብዙ ናቸው። ፊደል ለሚምታታበት ልጅ እውነተኛ መድኃኒት ነው። የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርተው ያስነብባሉ፤ ፊደል ሳይለይ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አይሻገርም። አንድ ለአንድ ነው፣ በደረጃ ነው፣ በየቀኑ ነው። ብዙ ዘመናዊ ትምህርት ቤት እነዚህን ሦስቱን አጥቷል። ድክመቱ ንባቡ ግዕዝ መሆኑ ነው፤ ልጁ የሚያነበው አይገባውም። ስለዚህ ፊደል ላይ የተያዘውን ልጅ ላኩት፤ ትርጉም ለሚያመልጠው ልጅ ግን አይበቃም።

ስልክ። ፊደል የሚያስተምሩ አፖችና ቪዲዮዎች ለማሞቂያ ጥሩ ናቸው። ልጁ ሲሳሳት ግን ስልኩ አይሰማውም። ለ10 ደቂቃ ይሁን፤ ከዚያ ዝጉት።

የቤት ንባብ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ነው። ምክንያቱም በየቀኑ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ልጁንም የሚወደው ሰው ነው የሚሠራው። እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ። ከእራት በፊት 15 ደቂቃ። መጀመሪያ 3 ደቂቃ የሚምታቱ ፊደሎች፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ። ከዚያ 5 ደቂቃ ቃል መግጠም፦ «ቤት» እንጽፋለን፤ «ቤቴ»፣ «ቤትህ»፣ «ቤታችን»፣ «ከቤታችን» እያልን እናሳድጋታለን። አማርኛ ቃሉን በፊትም በኋላም ስለሚያስረዝም ልጆች ረጅም ቃል ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ውስጡ «ቤት» እንዳለ ሲያዩ ፍርሃቱ ይለቃቸዋል። ቀሪውን ደቂቃ አጭር ጽሑፍ፣ መጀመሪያ እኔ፣ ከዚያ አብረን፣ ከዚያ እሱ ብቻውን። ሲሳሳት ሦስት ሰከንድ እጠብቃለሁ፤ ካልመጣለት እነግረዋለሁ። አልቆጣም።

«እኔ ራሴ ፊደል አልቆጠርኩም» ያለችኝ እናት አለች። እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ ናት። ንባብ የከበደውን ልጇን ታላቅ እህቱ 6ኛ ክፍል ስለሆነች ታስነብበዋለች። እናትየው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሲጨርስ «በል፣ ምን አለ? ንገረኝ» ትለዋለች። ልጁ ታሪኩን መልሶ ይነግራታል። ማንም አስጠኚ ይህን በሚያህል ፍቅር ሲጠይቅ አላየሁም።

የሳምንቱ አንድ ደቂቃ

የመረጣችሁት እርዳታ እየሠራ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ካርድ አትጠብቁ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ዲኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ያደራጁት ዘዴ አለ፤ ለመምህር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በጣም ቀላል ነው። ልጁ ለአንድ ደቂቃ ድምፁን አውጥቶ ያነባል። ትክክል ያነበባቸውን ቃላት ትቆጥራላችሁ። ትጽፋላችሁ። በሳምንቱ ትደግሙታላችሁ።

ለእኛ ቤት እንዲህ አመቻችቼዋለሁ። ባለካሬ ደብተር ይገዛል። ወደ ጎን ሳምንቱ፣ ወደ ላይ የቃሉ ብዛት። ዘወትር ዓርብ ማታ፣ በስልክ ሰዓት ይያዛል። ጽሑፉ በየሳምንቱ አዲስ ይሁን፤ ክብደቱ ግን ይመሳሰል። ያንኑ ጽሑፍ ከደጋገማችሁት ወደ ማነብነብ ተመለሳችሁ። ቃል ማንበብ ላልጀመረ ልጅ ደግሞ በቃል ፈንታ ፊደል ቁጠሩ። ሲጨርስ ነጥቧን ልጁ ራሱ ያስቀምጣታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ «የ2ኛ ክፍል ልጅ በደቂቃ ይህን ያህል ቃል ማንበብ አለበት» የሚል ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ። አብዛኛው ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። አትዋሱት። «አልነገርኩህም» በእኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አራት ይሆናል። የእኛ ልጅ በደቂቃ ያነበበው ቃል ቁጥሩ ቢያንስ ሥራው ላያንስ ይችላል። ልጃችሁን ከራሱ ካለፈው ዓርብ ጋር አወዳድሩት።

የጎረቤቴ ልጅ ደብተር አጠገቤ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ዓርቦች 6፣ 7፣ 6፣ 7 ይላሉ። ያኔ እናትየው በየማታው ከመጽሐፉ ገጽ ታስነብባት ነበር። ብዙ ደክማለች፤ መስመሩ ግን ተኝቷል። አራት ሳምንት ሙሉ ካልተነሳ ልጅቷን ሳይሆን እርዳታውን መቀየር ነው። ገጹን ትተን ሳድስ ላይ ተቀመጥን። «ልብ»፣ «ብርድ»፣ «ክንፍ»። የትኛው ፊደል እንደሚጮኽ፣ የትኛው ዝም እንደሚል በጭብጨባ አሳየኋት፤ ለሚጮኸው ታጨበጭባለች፣ ዝም ለሚለው ጣቷን አፏ ላይ ታደርጋለች። ቀጣዮቹ ዓርቦች 9፣ 11፣ 10፣ 14 ሆኑ። ያቺን 10 አይታ እናቷ ደንግጣ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ አንድ ነጥብ ምንም አይደለም፤ ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ነበር» አልኳት። አንድ ነጥብ አያስደነግጥም፤ አንድ ነጥብ አያስፈነድቅምም።

ታዲያ ለማን የቱ?

ፊደል ለሚምታታበት፦ የቤት ንባብ፣ ክረምት ከሆነ ቄስ ትምህርት ቤት። መግጠም ላቃተው፦ ትምህርት ቤቱ አነስተኛ ቡድን ካለው እሱ፣ ከሌለው በየቀኑ የሚመጣና መግጠም የሚያስተምር አስጠኚ፣ ከቤት ንባብ ጋር። ትርጉም ለሚያመልጠው፦ ገንዘባችሁን ለአስጠኚ ሳይሆን ለተረት መጽሐፍ አውሉት፤ አብራችሁ አንብቡ፣ አውሩ። ቤቱ ሌላ ቋንቋ ለሚናገር፦ የቤቱን ቋንቋ አታስጥሉት። ተረቱን በእናቱ ቋንቋ ሰምቶ የተረዳ ልጅ በአማርኛ ሲያገኘው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ወላጅ ምሽት ደክሞ የሚገባበት ቤት ከሆነስ? 15 ደቂቃው ጠዋት ሰርቪስ እስኪመጣ ይሁን። ይቻላል፤ ብሎካችን ሥር ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ሲያነቡ የማያቸው አባትና ልጅ አሉ።

መጀመር ያለባችሁ 1ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ ላይ ነው። 3ኛ ክፍል ለደረሰ ግን አልረፈደም፤ ሥራው ብቻ ይረዝማል።

መስመሩ አሁንም ካልተነሳ

እርዳታውን አንዴ ቀይራችሁ፣ ስምንት ሳምንት አልፎ፣ ነጥቦቹ አሁንም ከተኙ ሌላ ነገር ፈልጉ። መጀመሪያ ዓይንና ጆሮ። ሰሌዳ ላይ ያለውን የማያይ ልጅ «አላየሁም» አይልም፤ ዓለም ለሁሉም እንዲህ ብዥ ያለች ይመስለዋል። ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩት፤ ለዓይን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የታወቀ ክፍል አለው። ጆሮው በየጊዜው የሚመግል ልጅ ካለም ሰ እና ሸ የሚምታቱበት ከዓይኑ ላይሆን ይችላል።

እነዚህ ደህና ከሆኑ፣ ልጁ ብልህ ሆኖ ንባብ ብቻ ለይቶ የሚከብደው ሊሆን ይችላል። በየቋንቋው እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። ትምህርት ቤታችሁ የልዩ ፍላጎት መምህር ካለው እሱን ጠይቁ፤ ከሌለው ርዕሰ መምህሩ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ።

ስትሄዱ ባለካሬ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። «ልጄ ማንበብ አይችልም» ያለ ወላጅ ብዙ ጊዜ «አይዞሽ፣ ይችላል» ተብሎ ይመለሳል። «መምህር፣ አሥራ ሁለት ዓርብ ለክተናል፤ ይኸው፤ እስከ ስድስተኛው እንዲህ አስነበብነው፣ ከዚያ በኋላ እንዲህ፤ የሚስታቸው ፊደሎች እነዚህ ናቸው» ያለ ወላጅ ግን ወንበር ይሳብለታል።